የማይጫወቱበት አሻንጉሊት

ዘመሮ ላይ አንድ ጎልማሳ ሱቅ ገብቶ «አሻንጉሊት ስጠኝ» ቢል፣ ባለሱቁ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ ነው። «ለራሴ ነው» ካለው ግን አይስቅበትም፤ መንዜ ጨዋ ነው። ሰውዬው እስኪወጣ ጠብቆ ጠበል ይመኝለታል።

በሌላው ዓለም ግን ይኸው ሰው የክብር ደንበኛ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በአሜሪካ ለአዋቂዎች የተሸጠው አሻንጉሊት ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት ከተሸጠው በልጧል። የዴንማርኩ ሌጎ፣ ስሙ ራሱ «ደህና ተጫወት» ከሚል የአገሩ አነጋገር የወጣው፣ በ2017 7,541 ቁርጥራጭ ያለው የፊልም መንኮራኩር በ800 ዶላር አቀረበ። በ2020 ደግሞ ጥቁር ካርቶን ላይ «18+» ብሎ ያትም ጀመር። እኛ ይህን ቁጥር የምናውቀው ልጅ እንዳያይ በተከለከለ ፊልም ላይ ነበር! እዚህ ግን የይለፍ ወረቀት ነው፤ ጎልማሳው እንዳያፍር።

ነጋዴው ቢወደው አይፈረድበትም። ልጅ አባቱን ይለምናል፣ አባት «በቃህ» ይላል። ጎልማሳው ግን ኪሱም የራሱ ነው፣ «በቃህ» የሚለውም የለም። የቻይናው ፖፕ ማርት ላቡቡ የተባለችውን ጥርሳም አሻንጉሊት በተዘጋ ሳጥን ይሸጣል፤ ገዢው የትኛዋ እንደምትደርሰው አያውቅም፤ ብርቅ የተባለችው የምትወጣው ከ72 አንዴ ነው። ሎተሪ እንጂ ሌላ ምን ይባላል? በሰኔ 2025 ቤጂንግ ላይ አንዷ ትልቅ ላቡቡ ከ1 ሚሊዮን ዩዋን በላይ በጨረታ ተሸጣለች።

እኔን የሚገርመኝ ዋጋው አይደለም። በሰብሳቢዎች ዘንድ አሻንጉሊት የሚወደደው ማሸጊያው ሳይከፈት ሲቆይ ነው። ከፈትከው፣ ዋጋው ወረደ። ተጫወትክበት፣ አለቀለት። ታዲያ ያልተጫወቱበት መጫወቻ ምንድን ነው? (ገጹ ሳይገለጥ መደርደሪያ የሚያሞቅ መጽሐፍ ያላቸው ምሁራን በብዛት ስለማውቅ፣ በፈረንጅ ብቻ አልስቅም።)

የመንዝ እረኛ በግ እየጠበቀ ከጭቃ በሬ ይሠራል። ሁለቱን ይጠምዳል፣ በስንጥር ያርሳል፣ ያዋጋቸዋል። ማታ እዚያው ትቷቸው ይሄዳል፤ ዝናብ ሲመጣ በሬዎቹ ተመልሰው መሬት ይሆናሉ። ነገ ሌላ ይሠራል። ያ በሬ ከጨዋታው ውጪ አንድ ሳንቲም አያወጣም፤ በጨዋታው ውስጥ ግን በሬ ነው።

ጎልማሳ አይጫወት ማለቴ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። በገና ሰሞን ባለትዳሩም ዱላውን ይዞ ሩር ሲያሳድድ፣ ላብና አቧራ ሲለብስ «አላደገም» ያለው የለም። «18+» የሚል ፈቃድም አልጠየቀም። በልጅነቱ በመስታወት ብቻ ያየውን መኪና በ40 ዓመቱ የሚገዛ ሰውም አለ፤ እሱን ለመውቀስ አንደበት የለኝም። የቀረበት ነገር ነበር።

ኩባንያው ያን የቀረ ነገር ማወቁ ነው ጭንቁ። በቁጥር የተወሰነ እትም ያወጣል፤ ለሁሉም እንዳይዳረስ አድርጎ። የልጅነት እጦትን የሚያስታምም ዕቃ እየሸጠ፣ አዲስ እጦት ያመርታል። ሰውዬው በ40 ዓመቱም እንደገና መስታወት ላይ ተለጥፎ ይቆማል።

የጭቃው በሬ ባለቤት የለውም፤ ማንም መልሶ ሊሸጥልን አይችልም። ግን እኮ እኛም ለልጆቻችን ማውረስ አቃተን። ከዘመሮ አዲስ አበባ የገባው አባት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ጭቃ ከየት ያምጣ? ከመርካቶ የፕላስቲክ በሬ ይገዛላታል። ልጅቱም ማሸጊያውን በጥርሷ ቀዳ፣ እስከ ማታ አንዱን ቀንዱን ሰብራዋለች።