የሰዓት ጀርባ ምስክርነት

ወጣት አንባቢ ሆይ! በክንድህ ላይ ያሰርኸው ሰዓት ሁለት ፊት እንዳለው አስበህ ታውቃለህን? አንደኛው ወደ ሰው የሚያይ፥ ሰዓትና ደቂቃ የሚናገር ነው። ሁለተኛው ግን ከቆዳህ ጋር ተጣብቆ የሚውል፥ ከሰዓት ሠሪ በቀር ብዙ ሰው የማይመለከተው የጀርባ ክዳን ነው። እንግዲህ ስለዚህ ስለ ተሰወረው ፊት ጥቂት እንመርምር። ጥያቄያችንም፥ ሰው የሰዓቱን የጀርባ ክዳን አውልቆ ሌላ ቢገጥምበት በሥነ ምግባር የሚያስጠይቀው ነገር አለን? የሚል ነው።

በዛሬው ጊዜ በሞላ የሚሠራ ሰዓት የሚወዱ አንዳንድ ሰዎች የብረቱን ክዳን አስወልቀው በምትኩ መስተዋት ያለው ክዳን ያስገጥማሉ። ምክንያታቸው ጥቃቅኖቹ ባለጥርስ መንኰራኵሮች ሲዞሩ ማየት ደስ ስለሚያሰኝ ነው። ይህ ደስታ ነውር የለበትም። የሰውን እጅ ጥበብ ለማየት መመኘት የትጉህ አእምሮ ምልክት ነው። ነገር ግን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዳይሆን፥ አስቀድሞ ክዳኑ ምን ሥራ እንዳለው ማወቅ ይገባል።

ክዳን ተራ መሸፈኛ አይደለም። አንዱ ተጭኖ ይገጠማል፤ ሌላው እንደ ጠርሙስ ክዳን እየዞረ ይጠብቃል። ብዙውን ጊዜም በክዳኑና በአካሉ መካከል ውሃና አቧራ የሚከለክል ቀጭን የጎማ ቀለበት አለ። የአንዱ ሰዓት ክዳን ለሌላው ልክ ላይሆን ይችላል። ጥቂት ቢሳሳ ወይም ጎማው ቢላላ እርጥበት ይገባል፤ ከብረት የተሠሩት ክፍሎችም ይዝጋሉ። ወደ ውስጥ ጥቂት ቢወፍር ደግሞ ባለቤቱ በተንቀሳቀሰ ቍጥር እየዞረች ሞላውን የምትሞላው ክብደት ክዳኑን ትፍቃለች።

የሮሌክስ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 «ኦይስተር» የተባለውን ሰዓት ሲያወጣ፥ የዝናው መሠረት እየዞረ የሚጠብቀው አካሉ ነበር። በጥቅምት 1927 መርሴዲስ ግላይትስ የምትባል እንግሊዛዊት ዋናተኛ ይህን ሰዓት ይዛ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ቀዝቃዛ ባሕር ከ10 ሰዓት በላይ ዋኘች። ብርዱ ጸንቶባት ሳትሻገር ከውሃው ቢያወጧትም ሰዓቱ ሥራውን አላቋረጠም ነበር። እንግዲህ ያን ጊዜ ለማሽኑ ዘብ ከቆሙት አንዱ ማንም የማያየው ክዳን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ልጅ፥ «ሰዓት ሠሪ የተሰበረ ሞላ ይለውጥ የለምን? መስተዋት ሲሰነጠቅ ይተካ የለምን? ክዳንን መለወጥ ከዚህ በምን ይለያል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው መልካም ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ሞላ ይሠራል እንጂ አይናገርም። ክዳን ግን ብዙውን ጊዜ ይናገራል። የሠሪው ስም፥ የሰዓቱ ቍጥር፥ ከምን ብረት እንደ ተሠራ፥ ውሃን ምን ያህል እንደሚችል የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በእርሱ ላይ ነው። የጃፓኑ ሴኮ በብዙ ሰዓቶቹ ጀርባ የሚቀርጸው ቍጥር የመጀመሪያው አኃዝ የተሠራበትን ዓመት የመጨረሻ አኃዝ፥ ሁለተኛው ደግሞ ወሩን ያመለክታል። በ53 የሚጀምር ቍጥር፥ በ5 በሚያልቅ ዓመት በሦስተኛው ወር መሠራቱን ይነግራል። ስለዚህ የሌላ ሰዓት ክዳን የገጠመ ሰው የልደት ወረቀት እንደ ለወጠ ይቆጠራል።

እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ጀርባው ሲለወጥ ማንም ያልነካው የፊት ገጽ ሐሰተኛ ይሆናል። ሮሌክስ በ1956 «ሚልጋውስ» የተባለ ሰዓት ሠራ፤ ትርጓሜውም ሺህ ጋውስ የሆነ የማግኔት ኃይል ይችላል ማለት ነው። ምስጢሩ ማሽኑን ከውስጥ የሚከበው የለሰለሰ ብረት ሽፋን ነው። አንድ ሰው ማሽኑ እንዲታይ ሲል ይህን ሽፋን አንሥቶ መስተዋት ቢያደርግበት፥ በገጹ ላይ ያለው ስም እንዳለ ይኖራል፤ ስሙን እውነት ያደረገው ነገር ግን የለም።

«ሰዓቱ የእኔ ነው፤ የወደድሁትን አደርጋለሁ» የሚል ሰው እውነት አለው። በገዛ ሰዓቱ ቢጫወት ማንንም አይበድልም። ነገር ግን ሰዓት ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ይሸጣል፥ ይወረሳል። አንድ ወጣት ከደመወዙ ጥቂት በጥቂት አጠራቅሞ እንዲህ ያለውን ሰዓት ቢገዛና፥ ውሃ አያስገባም የሚለውን ጽሑፍ አምኖ ወንዝ ቢገባ፥ የድካሙ ዋጋ በአንድ ቀን ይዝጋል። ሻጩ፥ «እኔ አልዋሸሁም፤ እርሱም አልጠየቀኝም» ይል ይሆናል። ይህ ግን ከንቱ ማመካኛ ነው። እርሱ ዝም ቢል ጽሑፉ ዝም አይልም፤ በእርሱ ፈንታ ቆሞ ይናገራል። ሐሰተኛ ምስክር አቁሞ አፉን የዘጋ ሰው ዝም አለ አይባልም።

ጉዳዩን በሌላ ወገን ደግሞ እንየው። ክዳኑ የበሰበሰበትን ሰዓት፥ ማሽኑ ከሞተ ሌላ ሰዓት በተወሰደ ልክ በሆነ ክዳን የሚያድን ሠራተኛ ምስጋና ይገባዋል። ያደረገውን እስከ ተናገረ ድረስ ሥራው ጥገና ነው፤ ከሸሸገው ግን ያው ሥራ ማታለል ይሆናል። የእጁ ሥራ አንድ ሲሆን ስሙን የሚለውጠው ቃሉ ነው።

ስለዚህ የሚበጀው ደንብ አጭር ነው። የምስክርን ቦታ የወሰደ የምስክርን ግዴታ ይወስዳል። ክዳን የለወጠ ሰው ጎማውን ያድስ፤ ውሃ አለማስገባቱንም በመሣሪያ ያስመርምር። የወለቀውንም ክዳን አይጣለው፤ ይልቁንም የአባት ስም ወይም የስጦታ ቃል ተቀርጾበት እንደ ሆነ በክብር ያኑረው። ሰዓቱን ለሌላ ሲያስተላልፍ አሮጌውን ክዳን ጨምሮ ይስጥ፤ ምን እንደ ተለወጠም በወረቀት ጽፎ ያስረክብ። እንዲህ ያደረገ ሰው ምናልባት ከዋጋው ጥቂት ብር ይጐድልበት ይሆናል፤ ቢሆንም የሸጠውን ሰው በመንገድ ሲያገኘው ፊቱን አያዞርም።

ወጣት ሆይ፥ አባቶች «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። የሰዓትም ጀርባ አንድ ቀን በሰዓት ሠሪ ፊት መከፈቱ አይቀርም። ያን ቀን የሚገኘው ነገር በላዩ ከተጻፈው ጋር አንድ ይሁን።