ለፈረስ ሐኪምነት ለምታስቡ የመካነ ብርሃን ልጆች

ልጆቼ፣ ፈረስና በቅሎ ለጃናሞራ ሰው ምን እንደሆኑ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። መኪና በማይገባበት ቀበሌ እህሉ ገበያ የሚደርሰው በእነሱ ጀርባ ነው። የሰሜን ተራሮችን ለማየት በደባርቅ በኩል የሚመጣው እንግዳ ጓዙን የሚያስጭነው በበቅሎ ነው። ጎንደር ከተማ ስትወርዱ ደግሞ ጋሪ የሚጎትተውን ፈረስ ታያላችሁ፤ እሱ አንድ ቀን ቢተኛ የባለጋሪው ልጆች ምሳ ያጣሉ። ይህን ሁሉ የሚሸከመው እንስሳ ግን ሲታመም ሐኪም የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው። ልመክራችሁ የተነሣሁትም ስለዚህ ነው።

አባቶቻችን ፈረስን ያከበሩት ጀግናን በፈረሱ ስም እስከመጥራት ድረስ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ ተብለዋል። ያ የተከበረ ፈረስ ሲታመም ግን የሚጠብቀው ብዙውን ጊዜ የጋለ ብረት ነበር፤ ዛሬም በየመንደሩ ይተኮሳል። ክብሩ ወደ ሕክምና እንዲያድግ የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

«የገጠር ልጅ ነኝ፣ ከየት ጀምሬ?» አትበሉ። በዓለም የመጀመሪያውን የእንስሳት ሐኪሞች ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1761 በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ያቋቋመው ክሎድ ቡርዥላ የፈረስ ግልቢያ አስተማሪ ነበር። ሙያው የተወለደው ከፈረስ ጋር ከዋለ ሰው እጅ ነው። እናንተም ያለ ኮርቻ እየጋለባችሁ ውኃ ያጠጣችሁ፣ ባዝራዋ ገለባውን ስትተው ገና ከሩቅ የምታውቁ ልጆች ናችሁ። ከተማ ያደገ ተማሪ ይህን ለመልመድ ዓመታት ይፈጅበታል።

ትምህርቱ አምስት ስድስት ዓመት ይወስዳል። በአገራችን የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ በደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪም ለመሆን ባሕር መሻገር ግድ ነበር። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ራሱ ያስተምራል። ባዮሎጂና ኬሚስትሪን ከአሁኑ አጥብቃችሁ ያዙ። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ፤ ትምህርቱ በአብዛኛው ስለ ከብት፣ ስለ በግና ስለ ዶሮ ነው። ፈረስን በደንብ ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ በእረፍቱ ጊዜ ወደ ጋሪ ማቆሚያው ይሂድ፤ እንደ ስፓናና ብሩክ ያሉ ለጋማ ከብት የሚሠሩ ድርጅቶችንም በር ያንኳኳ።

ፈረስ ትንሽ በሬ አይደለም። ማስመለስ ስለማይችል ቁርጠት ሲይዘው ሆዱ የያዘውን የሚያወጣበት መንገድ የለውም፤ ሰዓታት ሕይወቱን ይወስናሉ። ስለዚህ የልብ ትርታውን ከመንጋጋው ሥር መቁጠር ቶሎ ልመዱ። ዐርፎ የቆመ ጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል፤ ከ60 አልፎ ካልወረደ አደጋ አለ። ለገንዲ ከብት የሚወጋው ዲሚናዚን የተባለው መድኃኒት በፈረስ ላይ መጠኑ ትንሽ ቢያልፍ ይጎዳዋል። ክረምቱ ሲወጣ ትንኝ የሚያስተላልፈው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ አለ፤ ክትባቱ እዚያው ቢሾፍቱ በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል፤ ገበሬው ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፈረሱ በአፍንጫው አረፋ ደፍቆ ከሞተ በኋላ ነው። ቀድሞ መንገር የእናንተ ሥራ ይሆናል። ሻጋታ የሚያመጣው የጋሪ ፈረሶች የቆዳ ቁስል ደግሞ ከደጋው ይልቅ በወይና ደጋው ይበረታል፤ በጊዜ ከተያዘ በአዮዲን የሚድን አለ፣ ከቆየ ግን ተስፋው ይመነምናል።

ከመርፌ በፊት ጭነቱን እዩ። ገጣባ የሚመጣው ከኮርቻው ነው፤ ኮርቻው ሳይስተካከል ቁስሉን ማከም ገንዘብም እንስሳም መጨረስ ነው። ባለቤቱንም አትቆጡት። እንስሳውን እንዲያሳርፍ ስትነግሩት፣ ያን ሳምንት ቤቱ በምን እንደሚያድር አብራችሁ አስቡ። ገበሬው የሚሰማው ችግሩን የተረዳለትን ሐኪም ነው።

እናንተ ሴት ልጆች፣ «ፈረስ ጉልበት ይፈልጋል» የሚላችሁን አትስሙት። ፈረስ በጉልበት አይያዝም፤ በረጋ እጅና በድምፅ ነው የሚያዘው።

ስለ ኑሮው እውነቱን ልንገራችሁ። የወረዳ ደመወዝ ትንሽ ነው፣ መድኃኒት ይጠፋል፣ የእንስሳት ጤና ኬላው መንገድ በእግር ነው። ከዚያ ወደ ላቦራቶሪ፣ ወደ ክትባት ምርት፣ ወደ ማስተማር፣ ወደ ግል የእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚወስድ በር አለ፤ ሁሉም የተከበረ ሥራ ነው። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በወረዳ እንድታሳልፉ እመክራለሁ፤ ፈረስን በብዛት የምታዩበት ሌላ ቦታ አይኖራችሁም።

ብዙዎች የእንስሳት ሕክምናን ሌላው ሲያቅታቸው የሚገቡበት ያደርጉታል። እናንተ ግን የዩኒቨርሲቲ ምርጫ መሙያ ቅጹ ሲደርሳችሁ በመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፉት።