መድኃኒቱን አላህ አኖረው፣ ፍለጋው የኛ ነው





ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት ስንወጣ፣ ቦሌ ሚካኤልም እንስገድ ገርጂ፣ በመስጂዱ በር ላይ ጥቁር አዝሙድ፣ ማርና መፋቂያ የሚሸጡ ወንድሞችን እናገኛለን። ገዝተን ወደ ቤታችን እንገባለን። ግን በዚያች ፍሬ ውስጥ ማን ምን እንዳስቀመጠ ስንቶቻችን አስበን እናውቃለን?

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) «እንታከም ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ እንዲታከሙ አዘዋል። አላህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም እንዳወረደ፣ ያወቀው እንደሚያውቀው፣ ያላወቀውም እንደማያውቀው አስተምረውናል። እዚህ ላይ ቆም እንበል። መድኃኒቱ አለ፤ የጎደለው የኛ እውቀት ነው። ስለዚህ ፍለጋው ራሱ ሰበብ ማድረስ ነው፤ ኒያው ከጠራም ኢባዳ ነው።

የሀገራችንን እንዶድ እንመልከት። እናቶቻችን ለዘመናት ልብስ አጥበውበታል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ በሚያጥቡበት ወንዝ የቢልሃርዚያን ትል የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ስንቱ ሰው በዚያ ወንዝ አልፏል! እሳቸው ግን «ለምን?» ብለው ጠየቁ።

ሁሉም እንዶድ ግን እኩል ኃይል የለውም። ብርቱውን መርጠህ ፍሬውን ብትዘራ ልጁ እናቱን ላይመስል ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከቡቃያው ጫፍና ከአንጓው ጥቂት ቆርጠው በላቦራቶሪ አባዙት፤ ዘዴውም እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። ለኮሶ ዛፍም ተመሳሳይ ጥናት ተደርጓል። ይህ «ቲሹ ካልቸር» የሚባለው ነው። ቁራጩ ከጀርም ይጸዳል፤ ስኳር፣ ማዕድንና የእድገት ሆርሞን ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይቀመጣል። ከአንዲት ቁራጭ ብዙ ችግኝ ይወጣል።

ከዚህም አልፎ ተክሉ ሳይበቅል ህዋሱን ብቻ በፈሳሽ ውስጥ በትልቅ ጋን አራብቶ መድኃኒቱን ማውጣት ይቻላል። ለካንሰር የሚሰጠው ፓክሊታክሴል መጀመሪያ የተገኘው ከአንድ ዛፍ ቅርፊት ነበር፤ ቅርፊቱ ሲላጥ ዛፉ ይሞታል። ዛሬ ከህዋሱም ይመረታል። ዛፉም ቆሞ ታማሚውም መድኃኒቱን ያገኛል።

«ይህ በአላህ ፍጥረት ጣልቃ መግባት አይደለም ወይ?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ወንድሜ፣ ጠርሙሱን ያዘጋጀው ሰው ነው፤ መድኃኒቱን የመሥራት ጥበብ ግን ህዋሷ ውስጥ ቀድሞ ያለ ነው። ማን አኖረው? ሱብሃነላህ! ተመራማሪው የሚያደርገው ከገበሬው አይለይም፤ ይመግባል፣ ይጠብቃል፣ ያመርታል።

ምድር አማና ናት። ሥሩ ለመድኃኒት የሚፈለግ ተክል ሲነቀል አብሮ ይሞታል። ዛሬ ነቅለን የምንሸጠው ነገ ለልጃችን በሽታ የሚፈለገው ሊሆን ይችላል። እዚሁ ጉርድ ሾላ፣ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ግቢ፣ የከብት መኖ ዘር ለመጪው ትውልድ ተጠብቆ ተቀምጧል። ለከብት መኖ ይህን ያህል ከታሰበ፣ ለሰው ልጅ መድኃኒትማ እንዴት አይታሰብ?

ሁለት ነገር እናስታውስ፦

አንደኛ፣ እፅዋት መድኃኒት አለው ማለት መጠኑ አይታወቅ ማለት አይደለም። ኮሶም ሲበዛ ይጎዳል። በስኳር ወይም በደም ግፊት የምትታከም እህቴ፣ በሻጭ ቃል ብቻ የሐኪም መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ። ነፍስም አማና ናት።

ሁለተኛ፣ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የሚማሩ ልጆቻችንን እናበርታ። ቂያማ ብትቆም እንኳ በእጃችን ያለውን ችግኝ ከቻልን እንድንተክል ታዘናል። በጠርሙስ ያለችውም ችግኝ ናት። ሰው ከተጠቀመባት፣ በአላህ ፈቃድ ለተካዩ ሰደቀቱል ጃሪያ ትሆናለች።

ያ አላህ! ታማሚዎቻችንን አሽር፤ ጠቃሚ እውቀት ስጠን፤ አማናችንን የምንጠብቅ አድርገን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!