ወርዋ ስለ ገባ ነፍሰ ጡር

እመቤታችን የመውለጃዋ ቀን በደረሰ ጊዜ በቤተ ልሔም ማደሪያ እንዳጣች ቅዱስ ሉቃስ ጽፎልናል። እኛ ግን ወርዋ ለገባ እኅታችን አስቀድመን ልናስብላት ይገባናል፤ ከ37ኛው ሳምንት ወዲህ በማናቸውም ቀን ልትወልድ ትችላለችና።

በእነዚህ ቀኖች ሆድዋ ዝቅ ይላል፤ ትንፋሽዋ ይቀላል፤ መጥቶ የሚተዋት ቁርጠትም ይሰማታል፤ ይህ አያስደነግጥም። እየተቀራረበ ከበረታ ምጥ ነው። ነገር ግን ደም ቢፈሳት፥ ራስዋን አጥብቆ ቢያማት፥ ዓይንዋ ቢፈዝ፥ የእንሽርት ውሃ ያለ ምጥ ቢፈስ፥ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ቢቀንስ፥ ንጋት ሳይጠበቅ ወደ ጤና ጣቢያ ትወሰድ።

በአንዳንድ ቤት ወደ ሐኪም መሄድ እምነት ማጉደል መስሎ ስለሚታይ፥ በዚህ ላይ የንስሐ አባት ቃል እጅግ ይፈለጋል። «ማርያም፥ ማርያም» እያሉ መማጠን የእናቶቻችን ጸሎት ነው፤ በቃሬዛ ላይም ይጸለያል። ጾሙንም ቢሆን፥ እርስዋ እስክትለምነን ድረስ ሳንጠብቅ ቀድመን ብናሳርፋት ይሻላል፤ አፍራ ዝም የምትል አትጠፋምና።

መንገዱ የሚርቃት ደግሞ፥ በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ስላለ፥ ቀንዋ ሳይደርስ ሄዳ ትቀመጥ። ልጆችዋንና ቤትዋን ትታ እንዴት ትሄዳለች ቢባል፥ የሰንበቴው እናቶች በተራ ይያዙላት።