የሚቀለውን ርእስ ከመያዝሽ በፊት

ልጄ፣ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ርእስ ገና እንዳልመረጥሽ እናትሽ ነገረችኝ። «የሚቀለውን እይዛለሁ» ብለሻል አሉ። አልተቆጣሁም። ግን አሳሰበኝ። አንቺን የመሰለች ልጅ የሚቀለውን ስትይዝ ማየት ደስ አይለኝም።

እኔ ተመራማሪ አልነበርኩም፤ ታውቂያለሽ። ፒያሳ ቁጭ ብዬ በታይፕ እመታ ነበር። የአራት ኪሎና የስድስት ኪሎ ተማሪዎች በእጅ የጻፉትን ይዘው ይመጣሉ። ዛሬ ስለ ባቄላ ትል፣ ነገ ስለ ጎጃም ግብር፣ ከነገ ወዲያ ስለ አዋሽ ውኃ። ግማሹ አይገባኝም፤ ጣቴ ግን በሁሉም ላይ አልፏል። ካርቦን እየደረብኩ አራት ቅጂ አወጣለሁ፤ አራተኛው ሲደበዝዝ እንጨቃጨቃለን። ጥናት ስንት ዓይነት እንደሆነ ያየሁት እዚያ ወንበር ላይ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ከዓመታት በፊት የመታሁት ገጽ በሌላ ልጅ የእጅ ጽሑፍ ተመልሶ መጣ። በወንዙ ስም ላይ የነበረው የፊደል ግድፈት እንኳ አልተነካም። ምንም አላልኩም። መታሁለት፣ ከፈለኝ፣ ሄደ። ልጁ ተመረቀ። ያንን ወንዝ ግን አላየውም። አሁን ደግሞ ስልኩም ይጽፋል አሉ። ይጻፍ፤ እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ሰው አንዴ ሳያይ መጻፍ ከለመደ፣ በኋላም ሳያይ ይሠራል። ሳያይ ይፈርማል። ልማድ ነውና ከዲግሪው ጋር አብሮ ይሄዳል።

ሌላም የማልወድልሽ ነገር አለ። ባለፈው የታሪክ ትምህርት ክፍል ልጆችን «ተረት ሰብሳቢዎች» ስትያቸው ሰማሁ። እነሱም እናንተን የሳይንሶቹን ምን እንደሚሏችሁ አውቃለሁ። በእናንተ በአራት ኪሎና በእነሱ በስድስት ኪሎ መካከል ያለው መንገድ ቡና ሳይበርድ የሚኬድ ነው። እናንተ ግን ባሕር አደረጋችሁት።

እስኪ አንድ ሰው ልንገርሽ። ፒየር ጉዋን ይባሉ ነበር፤ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን ነበሩ። አራት ኪሎ፣ አንቺ በየቀኑ በምታልፊበት ግቢ ውስጥ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመዘግበውን ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። መሣሪያው ሲተከል ጊዜው የ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። መሣሪያ ደግሞ ከመተከሉ በፊት የሆነውን አይነግርሽም። መሬት ግን ከዚያም በፊት ትንቀጠቀጥ ነበር። ታዲያ ምን አደረጉ? የፊዚክሱ ሰው የነገሥታቱን ዜና መዋዕልና የተጓዦችን ማስታወሻ ገለጡ። የት ቤት ፈረሰ፣ የት ተራራ ተናደ፣ መቼ? ነሐሴ 1898 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያስደነገጠው አለ። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬን የመታው፣ ማጀቴን ያፈረሰውም አለ። ሁሉን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አወጡ። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ በኩል ሲነሳ፣ ሌሊት አልጋሽ ሲወዛወዝ፣ ነጠላሽን ይዘሽ ወደ ውጭ እንደሮጥሽ ታስታውሻለሽ። ያን ጊዜ «ይህ ከዚህ በፊት ሆኖ ያውቃል ወይ?» ላለ ሰው መልሱ ያለው አንቺ ተረት ባልሽው ውስጥ ጭምር ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉትንም አትርሺ። እ.ኤ.አ. በ1964 ቢልሃርዚያን የምታዛምተውን ቀንድ አውጣ ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ውኃው ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ይኸው ነው። እንዶዱን እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ ወንዙም በየቀኑ ይፈስሳል። ስንት ሰው በዚያ አልፏል! እሳቸው ግን ቆም ብለው፣ ለምን እዚህ ሞተው ከላይ አልሞቱም አሉ። ከዚያ በኋላ ያለው የዓመታት የላቦራቶሪ ድካም ነው፤ እሱን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ኅዳር 12 ሲታጠን ጢሱ ያስልሻል፤ በየዓመቱ ታማርሪያለሽ። ያ ጢስ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር የበረታው በሽታ ትዝታ ነው። ያው ዓለምን የጨረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ስለ እሱ ሪቻርድ ፓንክረስት ጽፈዋል፤ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር። ስለ ረኃብ፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ከተሞች የጻፉትም እሳቸው ናቸው። አንቺ ሳቂ እንጂ፣ የሴተኛ አዳሪነትን ታሪክ እንኳ ጽፈዋል። እኛ የውቤ በረሃ ሰዎች በዘፈን እንጂ በጥናት የምንነሳ አይመስለንም ነበር። በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ መቶኛ ዓመት ሲታሰብም ባሕሩ ዘውዴ ስለ ቀደምት ሰፈሮቻችን አጥንተው አቅርበዋል። ሰፈርም ይጠናል ልጄ። ጠጅ ቤትም ይጠናል።

ይጠናል ስልሽ ግን ካለ ነው። የፒያሳዋን ዶሮ ማነቂያን በ2016 ዓ.ም. ሲያፈርሱ አይተሻል። ሰዉ ወደየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። ጌሾው በምን መጠን እንደሚገባ፣ ጠጁ በስንት ቀን እንደሚደርስ የሚያውቁት እናቶች አሁን የማንም ጎረቤት አይደሉም። አንቺ ኬሚስትሪ ነው የምታጠኚው። መፍላት ኬሚስትሪ አይደለም እንዴ? ማር፣ ውኃ፣ ጌሾ፣ እርሾ፣ የቀኑ ሙቀት። የታሪኩ ክፍል ጓደኛሽ ስለ ቤቱ ይጠይቅ፤ አንቺ ስለ ጋኑ። አንድ ቀን እንኳ አብራችሁ ሂዱ።

እኔ ርእስ ልመርጥልሽ አይደለም። ሌላ የሚስብሽ ካለ እሱን ያዢ። እንዲያው መጀመሪያ ዞር ዞር በዪ ነው የምልሽ። አንድ ከሰዓት ብሔራዊ ሙዚየም ግቢ፣ ድንቅነሽ ጋ። አንድ ከሰዓት እዚያው ግቢሽ ያለው የዕፅዋት ማከማቻ፣ የደረቀው ቅጠል በወረቀት ላይ ተሰፍቶ፣ ስሙና የተለቀመበት ቦታ ከሥሩ ተጽፎ። አንድ ከሰዓት የስድስት ኪሎው ቤተ መጻሕፍት። ያንን ሳታዪ «የሚቀለውን» አትበዪኝ። የቱ እንደሚቀል ገና በምን አወቅሽ?

ሰው ልትጠይቂ ከሄድሽ ደግሞ ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ቡና ወይም ስኳር ያዢ። ስማቸውን ከመጻፍሽ በፊት አስፈቅጂ። ሲደክማቸው ተነሺ፣ ሌላ ቀን ተመለሺ። የሰማሽውን ማታውኑ ገልብጪው፤ ነገ እደርሳለሁ ካልሽ ግማሹ ይጠፋል። አማካሪሽ ርእሱ ጠበበ ካለሽ አትደንግጪ፣ ተከራከሪ። ሰፋ ካለሽ ግን አድምጪው።