የዮሴፍ አስተርጓሚና የስደተኞች ልጆች

የዮሴፍ ወንድሞች እህል ሊሸምቱ ወደ ግብፅ በወረዱ ጊዜ ከገዛ ወንድማቸው ጋር የተነጋገሩት በአስተርጓሚ እንደ ነበረ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 42 ተጽፏል። ዮሴፍ ከአባቱ ቤት ሲወጣ የ17 ዓመት ብላቴና ነበረ፤ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመት ሆኖት ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን የግብፅን ቋንቋ ተምሮ፥ የግብፅን ልብስ ለብሶ፥ ከግብፃዊት ሚስቱ ምናሴንና ኤፍሬምን ወለደ። ወንድሞቹም አላወቁትም፤ እርሱ ግን የሚነጋገሩትን ሁሉ ይሰማ ነበርና ከፊታቸው ፈቀቅ ብሎ አለቀሰ።

ራብ ቤተ ሰብን እንዴት እንደሚበትን ለዋግ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በ1977 ዓ.ም. በወሎ ላይ በጸናው ድርቅ የሰቆጣና የአካባቢዋ ሕዝብ እንደ ያዕቆብ ቤት እህል ወዳለበት ተሰደደ። ከወሎ፥ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ያህል ሰው፥ አንዱ በፈቃዱ ሌላው በግድ፥ ወደ ወለጋ፥ ወደ ኢሉባቦር፥ ወደ ከፋና ወደ መተከል ተወስዶ ሰፈረ። ከተራበው ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን የገባ፥ ከዚያም ባሕር የተሻገረ አለ። ስደቱ ለአገው ልጆች አዲስ አይደለም፤ በአገው ምድር ያሉት ሰባቱ ቤቶች የአባቶቻቸውን መነሻ ከሰቆጣና ከላስታ ወገን ይቈጥራሉ፤ በከረን ያሉት ብሌኖችም አባታችን ከላስታ መጣ ይላሉ፤ ቋንቋቸውም የኽምጣንጋ እኅት ናት።

እንግዲህ አንዱን ቤት እንመልከት። አያቱ በዋግ በኽምጣንጋ ተናገረ፤ አማርኛንም በገበያና በቤተ ክርስቲያን ተማረ። ልጁ በሰፈራ ወለጋ ገብቶ ከጎረቤቶቹ ኦሮምኛ ለመደ። የልጅ ልጁ በባዕድ አገር ተወልዶ በእንግሊዝኛ ያስባል፥ በእንግሊዝኛም ያልማል። አያቱ በስልክ ሲመርቁት እናቱ እየተረጐመችለት አሜን ይላል። ይህም ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ይህ ልጅ 15 ዓመት ሲሞላው ወደ ንስሐ አባቱ ቀርቦ ኃጢአቱን ሊናገር ይወዳል፤ ካህኑ የልጁን ቋንቋ አያውቁም፤ ልጁም የካህኑን። የምታስተረጕመው እናቱ ናት! አባቶቼና ወንድሞቼ ካህናት ሆይ፤ በእናቱ ፊት ገመናውን የሚገልጥ የትኛው ጕልማሳ ነው? ስለዚህ ዝም ይላል፤ ዝም ያለውም ቀስ በቀስ ከደጀ ሰላሙ ይርቃል፤ እኛም ሃይማኖቱን ተወ እያልን እንወቅሰዋለን።

አንዳንዶች በዚህ ጊዜ ነህምያን ይጠቅሳሉ፤ የልጆቻቸው እኩሌታ በአዛጦን ቋንቋ ሲናገሩ አይቶ አባቶቻቸውን ገሥጿልና። እውነት ነው፥ ገሥጿል። ነገር ግን ምዕራፉን ወርዶ የሚያነብ ሰው፥ ነህምያ ያነሣው የሰሎሞንን ውድቀት፥ ይኸውም ባዕዳን ሴቶች ወደ ኃጢአት እንዴት እንደ ሳቡት መሆኑን ያገኛል። የፈራው አምልኮተ ባዕድን ነበር። ደግሞም የገሠጸው ወላጆችን ነው፤ ባልተማረው ቋንቋ ሕፃኑን ሲቈጣ አናገኘውም።

ከዚህ ይልቅ የዋግ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ምስክር ትሁነን። በዚያ ቅዳሴው ግእዝ ነው፤ ስብከቱ በብዛት አማርኛ ነው፤ ኽምጣንጋ ብቻ የምታውቅ እናት ግን ለንስሐ አባቷ ኃጢአቷን የምትናገረው በኽምጣንጋ ነው። ቄሱም ያንኑ ጡት ጠብተው ያደጉ ናቸውና ያለ አስተርጓሚ ይሰሟታል፤ በአማርኛ ካልነገርሽኝ አልፈታሽም አይሏትም። ለሰቆጣ እናት የተፈቀደው ለልጅ ልጇ በምን ሥርዐት ይከለከላል? አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንም ከጢሮስ የመጣ፥ በብላቴንነቱ በአክሱም ቤተ መንግሥት ያደገ እንግዳ ነበረ፤ የሰዎቹን ቋንቋ ባያውቅ ኖሮ ማንን ባስተማረ ነበር? የቅዳሴያችን መጽሐፍ በ1954 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ አርመውት፥ በእንግሊዝኛ ታትሞ ወጥቷል። መንገዱ ከተጠረገ ቈይቷል፤ ወደ ባዕድ አገር የሚላክ ካህን የአገሩን ቋንቋ መማርን ከአገልግሎቱ እንደ አንዱ ሊቈጥረው ይገባል እላለሁ።

ለወላጆች ግን የምለው ሌላ ነው። ያዕቆብ በታመመ ጊዜ ዮሴፍ ሁለቱን ልጆቹን ይዞ መጣ። ሽማግሌው እነዚህ እነማን ናቸው ብሎ ጠየቀ እንጂ በምን ቋንቋ ይናገራሉ አላለም። ከመባረኩም አስቀድሞ ታሪኩን ነገረ፤ እግዚአብሔር በሎዛ እንደ ተገለጠለት፥ ራሔልም በኤፍራታ መንገድ እንደ ሞተችበት። ግብፅ የተወለዱትን ልጆች እንደ ሮቤልና እንደ ስምዖን የእኔ ናቸው አለ። በየቤታችን የጐደለው ይህ ነው። ስንቱ አባት ልጁን ኽምጣንጋ ወይም አማርኛ አታውቅም እያለ ያሳፍረዋል፥ በ1977 ዓ.ም. ማን በመንገድ እንደ ተቀበረ ግን አንድ ቀን አልነገረውም! ሐዘኑ ስለሚከብድ ዝም ማለቱን አውቃለሁ፤ ያዕቆብም ስለ ራሔል መናገር አልቀለለውም። ልጁ በሚሰማው ቋንቋ፥ በተሰባበረም ቢሆን፥ ይንገረው፤ የአባቶቹን ቋንቋም እግረ መንገዱን ያስተምረው፤ ጸሎቱን ከአቡነ ዘበሰማያት ይጀምርለት። በሰቆጣ በራሱ ዛሬ ኽምጣንጋ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሰጣልና የሚያግዝ መጽሐፍ አይጠፋም።

እግዚአብሔር ፈቅዶ ልጁን ይዞ አገሩን ሊያይ የመጣ ሰው በሰቆጣ አጠገብ ወዳለው ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ያድርሰው፤ ከዚያ ካረፈው ከዋግ ሹማምንት ዐፅም ፊት ያቁመው፤ የዮሴፍንም ዐፅም ነገር ያጫውተው። ዮሴፍ በግብፅ ሲሞት ዐፅሜን ከዚህ አውጡ ብሎ የእስራኤልን ልጆች አምሎ ነበር። ተሸክመው የወጡትና በሴኬም የቀበሩት፥ ከነዓንን በዐይናቸው አይተው የማያውቁ፥ በግብፅና በምድረ በዳ የተወለዱ ልጆች ናቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።