ለራሴ ነው የገዛሁት

ጠመንጃውን ያወጣው ከነጠላ ውስጥ ነበር። ልጁ በምርቃቷ ቀን የለበሰችው ጥለቱ አረንጓዴ ነጠላ ነው። ሳጥኑን ከፈተ፤ ነጠላውን አራስ ልጅ እንደሚገልጥ ሰው ቀስ ብሎ ገለጠና ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመው። የእንጨት ሰደፉ አንድም ጭረት የለበትም። የብረቱ ዘይት ሽታ ምድጃው ላይ ከሚቆላው ቡና ጋር ተቀላቅሎ ቤቱን ሞላው። የፈቃድ ወረቀቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሰደፉ ጋር በክር ታስሯል።

ወሩ ጥር ነው፤ ቦታው ከማጂ ከተማ ቁልቁል ሲወረድ ካሉት ቀበሌዎች አንዱ። ቡናው ተለቅሞ ደርቋል፤ ጀንፈሉም ሚዛን ከተማ ድረስ ተጭኖ ተሽጧል። ሰውየው ለዓመታት ያጎበጠውን ዕዳ የከፈለው በዚህ ወቅት ነው። ልጁም የተመረቀችው በዚሁ ዓመት ነው።

«ጋሼ፣ ለምን ጠመንጃ?» አልኩት።

«ልጄ፣ ለሁሉ ገዛሁ፤ ለእናቷ ቀሚስ፣ ለልጆቹ ጫማ፣ ለቤቱ ቆርቆሮ። ለኔስ ማን ያስብልኛል? ይሄን ለራሴ ነው የገዛሁት» አለኝ። ሰደፉን በመዳፉ አሸት አሸት እያደረገ ሲመርጥ ሦስት ቀን እንዳልተኛ ነገረኝ። ታጣፊ ሰደፍ ያለውም ቀርቦለት ነበር። እሱ ግን «የወታደር ነው፤ እንጨቱ ነው ለሰው ቤት የሚያምር» ብሎ ተወው።

ያን ቀን ተሰናብቼው ብወጣም «ለራሴ» የምትለው ቃል አብራኝ ወጣች። ሰው ለራሱ ስጦታ መስጠት ይችላል? ከቻለስ ጠመንጃ ለራስ የሚሰጥ ነገር ነው?

ቋንቋችን ለመጀመሪያው ጥያቄ ቶሎ እሺ አይልም። የስጦታ ስሞቻችንን እንቁጠር። ዝቅ ያለው ከፍ ላለው የሚያቀርበው እጅ መንሻ ነው። ከፍ ያለው ለዝቅተኛው የሚሰጠው ሽልማት ነው። ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ይዞት የሚገባው መታያ ነው፤ ስሙም «መታየት» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። በሙሽራው በኩል ለሙሽራይቱ የሚሄደው ጥሎሽ ነው። ከሁሉ የከበረው ደግሞ ገጸ በረከት ይባላል፤ ፊት ለፊት የሚቀርብ በረከት ማለት ነው። አንዳቸውም ብቻውን በተቀመጠ ሰው እጅ ውስጥ አይፈጸሙም፤ ሁሉም ሁለት ፊት ይፈልጋሉ። ገበሬያችንም ለሚስቱና ለልጆቹ የሆነውን ሲዘረዝር «ገዛሁ» አለ፤ ለራሱ የሆነውንም «ገዛሁ» አለ እንጂ «ሰጠሁ» አላለም።

በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ሴኔካ ስለ ውለታ በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ ጠይቆ ነበር። መልሱ አይቻልም የሚል ነው። ለራሱ የሚሰጥን ሰው ለጋስ የሚለው የለም፤ ራሱን የሚምርንም ሰው መሐሪ የሚለው የለም። ውለታ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ጋር የሚደርስ ነገር ነው። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስም በ1925 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ ስጦታ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ሦስት ግዴታዎች እንዳሉት አሳይቷል፤ መስጠት፣ መቀበልና መመለስ። ለራሱ የሰጠ ሰው ለማን ይመልሳል?

እኔ ግን ሴኔካን እስከ መጨረሻው መከተል አልቻልኩም፤ ያ ገበሬ አላስቻለኝም። ዕዳውን ተሸክሞ ዝናብ እየመታው ቡና የኮተኮተው ሰውና ጥር ላይ እፎይ ብሎ ምድጃ ዳር የተቀመጠው ሰው በስም አንድ ይሁኑ እንጂ በኑሮ ሁለት ናቸው። የዛሬው ያንን የትናንቱን ሰው ማመስገን ይፈልጋል። የደከመው እሱ ነው፤ ሲደክምም ማንም አላየለትም። ስለዚህ ለራስ የሚሰጥ ስጦታ እውነተኛ ስጦታ ሊሆን ይችላል፤ የዛሬው እኔ ለትናንቱ እኔ የሚያቀርበው ገጸ በረከት ነው። ይህን ምኞት ራስ ወዳድነት ብሎ መናቅ ድካም ያላየ ሰው ፍርድ ይመስለኛል።

ይሁንና ጥያቄው አላለቀም። ትናንት የደከመውን ሰው ለማመስገን ከነገር ሁሉ ጠመንጃ ለምን ተመረጠ? መልሱ ያለው በማጂ ታሪክ ውስጥ ነው።

የምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ካፋን ይዞ ወደ ደቡብ ምዕራብ የዘለቀው በ1890 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ማጂ ከዚያ በኋላ የጦር ሠፈር ሆነች። ወታደሩ ደመወዙን በገንዘብ አይቀበልም ነበር፤ በገንዘብ ፈንታ የገበሬ ቤተሰቦች ይመሩለታል። እነሱም ገባር ይባላሉ፤ ያርሱለታል፣ ይፈጩለታል፣ እንጨት ይለቅሙለታል። እሱ ደግሞ ነፍጠኛ ይባላል፤ የሥራ ስሙ የወጣው ከትከሻው ላይ ካለው ነፍጥ ነው። ፉዚ ግራ የተባለውን የፈረንሳይ ጠመንጃ ውጅግራ፣ ማንሊከርን ምንሽር፣ ሌበልን ለበን እያልን አማርኛ ያደረግነው ዘመን ለማጂ ደጋ ሰዎች ሌላ መልክ ነበረው። በአሥራ ዘጠኝ መቶዎቹ የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት አካባቢው በባሪያ ፍንገላ፣ በዝሆን ጥርስና በጠመንጃ ንግድ ስሙ የታወቀ ነበር፤ መንደሮችም ተራቁተዋል። እንግሊዞች በዚህች ሩቅ ተራራ ላይ ቆንስላ የከፈቱት፣ ቆንስሉ አርኖልድ ሆድሰንም በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያ የተቀመጠው፣ በሱዳንና በኬንያ ድንበር የሚደረገውን ዘረፋና ንግድ ለመከታተል ነበር።

በዚያ ዘመን ጠመንጃ አንድን ሰው ከሌላው የሚለይ መስመር ነበር። በአንደኛው ወገን የሚበላው፣ በሌላው ወገን የሚበላበት ቆሞ ነበር። ገበሬው ጭኑ ላይ ያለውን ብረት እያየ «አባቶቻችን ይሄን የሚያውቁት በአፈሙዙ በኩል ነው» ሲለኝ መመለስ አቃተኝ። ትናንት የደከመው እኔ ብቻዬን አይደለሁም ማለቱ ነበር፤ አያቴም አብሮኝ ደክሟል። ጠመንጃውን የገዛው ለአያቱም ጭምር ነው። ሰደፉን ጨብጦ ሲቆም መስመሩን ተሻግሮ በሌላው ወገን ይቆማል። ይህን ክብር የማይሰማ ጆሮ ስለ ሰላም ቢሰብክ ማንም አይሰማውም።

ታዲያ ሐሳቤ ወዴት አዘነበለ? ጠመንጃ ከሌሎች ዕቃዎች ሁሉ የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው። ቀሚስ ለሚለብሰው፣ ጫማ ለሚጫማው ነው። ማንኪያ ሲሠራ ታስቦ የተሠራው ለምግብ ነው፤ ማረሻ ሲሠራ ታስቦ የተሠራው ለመሬት ነው። ጠመንጃ ሲሠራ ግን ከያዡ ሌላ አንድ ሰው ታስቧል። ያ ሰው በአፈሙዙ በኩል የሚቆመው ነው፤ ስሙ ገና አልተጻፈም እንጂ ቦታው ተይዞለታል። ስለዚህ አንድ ሰው «ለራሴ ገዛሁ» ቢልም ጠመንጃ ሁልጊዜ ሁለት ተቀባይ አለው። አንደኛው የሰደፉ ጌታ ነው። ሁለተኛው ሳይጠየቅ፣ እሺ ሳይል፣ ስጦታው መምጣቱን እንኳ ሳይሰማ የሚቀበለው ጎረቤት ነው።

ሁለተኛው ተቀባይ ደግሞ በሞስ ሕግ ይመልሳል። ከማጂ ደጋ ወደ ምዕራብ በቆላው የሚኖሩት ከብት አርቢዎቹ ሱሪዎች ይህን በኑሯቸው አይተውታል። የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት መሣሪያውን በድንበር ላይ ካፈሰሰው ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ ክላሽ ወደ መንደሮቻቸው በብዛት ገባ፤ ለጥሎሽ ከሚሰጡት ከብቶች ጋርም መቆጠር ጀመረ። ጥሎሽ ሲሆን በርግጥም ፊት ለፊት የሚሰጥ ስጦታ ነው፤ ሁለት ቤተሰብ ያዛምዳል። ግን አንዱን ቤት ከሌላው ጋር ያዛመደው ብረት ከጎረቤት ሕዝብ ጋር ያለውን ርቀት አሰፋው። ቆለኛው ከብቱን ለመጠበቅ ገዛ፤ ያን ያየው ደገኛ ማሳውን ለመጠበቅ ገዛ፤ ያን ያየው ቆለኛ እንደገና ገዛ። እያንዳንዳቸው «ለራሴ ነው» ይላሉ፤ እያንዳንዳቸውም እውነታቸውን ነው። ፖሊስ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝበት አገር ፍርሃታቸውን ከንቱ ማለት አልችልም። ሆኖም የሁሉም እውነት ሲደመር ማንም ያልመረጠውን ኑሮ ወለደ፤ ትናንት በዱላ የሚያልቅ ጠብ ዛሬ በቀብር ያልቃል።

ጠመንጃ የሰጪውን ልብ ይዞ አይሄድም። ለዚህ ከአፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ የበለጠ ምስክር አላውቅም። ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንስሏ ለፕላውደን ስለተደረገው ደግነት ምስጋና ብላ የላከችው ሽጉጥ ነበር፤ ምስጋናው በብር ላይ ተቀርጾበታል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የንግሥቲቱ ጦር መቅደላ አምባ ላይ ሲወጣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ያጠፉት በዚያው ስጦታ ነው። ሽጉጡ እሱን የላከው ፍቅር ወይም ምስጋና መሆኑን አያውቅም። የሚያውቀው ቃታውን የሳበውን ጣት ብቻ ነው።

ለመምረጥ ሦስት ሌሊት ያልተኛው ገበሬ ታዲያ ምን ሲመርጥ ነበር? እሱ እንጨቱንና ታጣፊውን ያወዳደረ መስሎታል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ሊያውቀው ሳይችል ከጥይቱ ጋር አንድ ቀን መርጧል፤ ጠመንጃው ሥራ የሚያገኝበትን ቀን። ድግስና ጠመንጃ የማይገጥሙት እዚህ ላይ ነው። ድግስ ያለፈውን ያመሰግናል፤ ጠመንጃ የሚመጣውን ይጠረጥራል። ልጅ ተመርቃ፣ ዕዳ ተከፍሎ፣ ቡና ሰምሮ የሚደረግ ደስታ ፊቱ ወደ ኋላ ነው፤ «እንኳን እዚህ አደረሰን» ይላል። ጠመንጃ ያንኑ ደስታ አንገቱን ጠምዝዞ ወደ ነገ ስጋት ያዞረዋል።

ስለ አያቱም አሰብኩ። ገባርነቱ ያበቃው በምን ነበር? ሥርዓቱ ከጣሊያን ወረራ ወዲህ በሕግ ተሻረ፤ ገበሬው ከጭሰኝነት የተላቀቀው ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ያ አዋጅ ሌላ ጣጣ አስከትሎ ይሆናል፤ መስመሩን ግን ፍቆታል። ለዚህ ቤተሰብ የተከፈተው በር በሕግ፣ በመሬትና በትምህርት ቤት በኩል ነው። ልጁ የተመረቀችው የአባቷ አያት ነፍጥ ስላገኘ አይደለም። ጠመንጃው የተጠቀለለበት ነጠላ ከጠመንጃው ይልቅ የክብሩን ታሪክ ይናገራል፤ መስመሩን የተሻገረችው እሷ ናት።

ዛሬ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወረቀቱን ከሰደፉ ጋር አሳስሮለታል። ሕግ መመዝገብ ይችላል፤ የሁለተኛውን ተቀባይ እሺታ ግን በወረቀት ማስፈር አይችልም። ያን መጠየቅ ያለበት የሚገዛው ሰው ነው። እኔም ለራሴ ስጦታ የምመርጥበት ቀን ቢመጣ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ይህ ነገር ከእኔ ሌላ ለማን ይደርሳል? ሲደርሰውስ ምን ይመልስልኛል?

በማግስቱ ጠዋት ቡና ጠጡ ተብዬ ወደ ገበሬው ቤት ተመለስኩ። ወዲያው ከወንዝ ማዶ ያለው ጎረቤቱ ገባና መደቡ ላይ ተቀመጠ። ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጎረቤቱ ቀና ብሎ አየው። በአገራችን አዲስ ነገር ያገኘን ሰው ዝም ማለት ነውር ነው። ላም ለገዛ «ያርባልህ»፣ ቤት ለሠራ «ሙሉ ያድርግልህ» ይባላል። ሰውየው አፉን ከፍቶ ቃል ፈለገ፤ አላገኘም። እኔም በልቤ ፈለግሁለት፤ ያገኘሁት አንድ ምርቃት ብቻ ነው፦ ሳይተኮስ ያርጅልህ። ሌላ በምን ስጦታ ላይ ነው ሥራውን እንዳይሠራ የምንመርቀው?

ሲኒው ዞሮ ደረሰው። ጎረቤቱ ፉት አለና ዐይኑን ከግድግዳው ሳይነቅል ጠየቀ፦

«ስንት ገዛኸው?»